ይድረስ ለክቡር «እንደገና ይሞክሩ» ቁልፍ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱም ቢሆን ብዙ አያቆየኝም። ወድቄ ሳልጨርስ ከች ይላሉ።

ስልኬ ላይ በጣቴ እየነካሁ በቧንቧዎች ክፍተት ወፍ የማሳልፍበትን ጌም ያውቁታል። ሲሸነፍ ሰው ሁሉ የሚረግመው ወፏን ነው። ወፏ ግን ምን በደለች? ሲነኳት ትዘላለች፣ ሲተዋት ትወድቃለች። ቧንቧውም የማንንም እናት አልሰደበም፤ ሄደን የምንላተመው እኛው ነን። ነገሩን ሁሉ የሚያቦኩት እርስዎ ነዎት።

አመጣጥዎን ልንገርዎት? ክንፏ የቧንቧውን ጠርዝ ጫር ያደርጋል። ቷ! ለጥቂት! እኔን ያበላሸችኝ ይቺ «ለጥቂት» ናት። በሰፊው ብሸነፍ ኖሮ ስልኬን አስቀምጬ እተኛ ነበር። ለጥቂት ሲሆን ግን ትንሽ የዘገየ ድል እንጂ ሽንፈት አይመስልም። ቁማርን ያጠኑ ሰዎችም ይህን ደርሰውበታል፤ ለጥቂት ያመለጠው ሰው ጨርሶ ካጣው ይልቅ መቀጠል ያምረዋል። እርስዎ ደግሞ ይህን ማንም ሳያስተምርዎት ያውቁታል።

በሌላ ጌም ስሸነፍ ሰበብ አላጣም። ኔትወርኩ ነው፣ ጓደኛዬ ኳስ አላቀብል ብሎኝ ነው፣ ያኛው መሣሪያውን በብር ገዝቶ ነው እላለሁ። እዚህ ያለው ግን አንድ ጣት፣ አንዲት ወፍ፣ አንድ ክፍተት ነው። ማንን ልክሰስ? ሕፃን ልጅ የሚገባው ነገር እንዴት ያቅተኛል? እልህ ሲይዘኝ ዓይኔ ሥር ብቅ ይላሉ፤ ትሕትናዎ አይጣል ነው! «ይሞክሩ» ይሉኛል፣ በአንቱታ።

የጌም ኩባንያው የአታሪ መሥራች ኖላን ቡሽኔል ጥሩ ጌም ለመማር ቀላል፣ ጠንቅቆ ለመቻል ግን ከባድ መሆን አለበት ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ፖንግ የተባለው የኳስ ጌም ማሽኑ ላይ የነበረው መመሪያ፣ ብዙ ነጥብ ከፈለጉ ኳሷ እንዳታመልጥዎት የሚል ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው! ያኔ ግን እርስዎ በሳንቲም ነበር የሚሠሩት። ኪስ ሲራቆት ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። አሁን ነጻ ሆኑና ቤቴ ድረስ፣ አልጋዬ ውስጥ ገቡ። አልፎ አልፎ ማስታወቂያ ያሳዩኛል እንጂ ሂሳብ አይጠይቁኝም።

ፍላፒ በርድ የተባለውን የወፍ ጌም ያስታውሳሉ አይደል? ቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን እ.ኤ.አ. በ2013 አወጣው። በ2014 መጀመሪያ ዓለም ሁሉ በዚያች ወፍ አበደ። ከማስታወቂያ ብቻ በቀን 50,000 ዶላር ያስገባል ይባል ነበር። ሰውዬው ግን ለጥቂት ደቂቃ መዝናኛ ያልኩት ነገር ሱስ ሆነ ብሎ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ከአፕ መደብሮች አነሳው። እንዲህ ያለ ሰው ይባረክ! ሕዝቡስ ምን አደረገ? ጌሙ የተጫነበትን ስልክ አውጥቶ በጨረታ ይቸበችብ ጀመር። ወፏ ጡረታ ስትወጣ እርስዎ ግን በየጌሙ ተቀጥረው ይሠራሉ። አንድም ቀን ዕረፍት ጠይቀው አያውቁም።

እንዲጠፉ አልጠይቅም፤ ያን ያህል ደፋር አይደለሁም። አቤቱታዬ ስለ መቀመጫዎ ነው። ለምንድን ነው ልክ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የሚቆሙት? ወፏን ለማዳን የሰነዘርኩት የመጨረሻ ምት እርስዎ ላይ ያርፍና፣ ሳልወስን አዲስ ዙር ይጀመራል። እኔ እኮ በዚያች ቅጽበት ልተኛ ነበር። ወደ ላይኛው ጥግ ፈቀቅ ይበሉልኝ። እጄን ዘርግቼ ስፈልግዎ ምናልባት ሰዓቱን አየው ይሆናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ምርጥ ነጥቡን ለሰው የማይናገር ደንበኛዎ