አንድ ሳምቡሳ ለስድስት

ድሬ ላይ ሰው የሚሰበሰበው ፀሐይዋ በረድ ስትል ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር፣ ሻይና ሳምቡሳ ይዘን ተቀምጠናል። የማስተርስ ቴሲሷን ልታስረክብ የደረሰችው ጓደኛችን ግን ሻይዋን ረስታ ላፕቶፗ ላይ አፍጥጣለች።

ሥራዋ ፍየል ላይ ነው። አንድ ዓይነት መኖ የሚበሉ ፍየሎችን መጀመሪያ ላይ፣ ከዚያ በ30ኛው፣ በ60ኛውና በ90ኛው ቀን መዝናለች። እያንዳንዱ ፍየል አራት ጊዜ ስለተመዘነ ሪፒትድ ሜዠርስ አኖቫ (ተደጋጋሚ ልኬቶችን በአማካይ የሚያወዳድር ፈተና) ሠራች። አኖቫው «ልዩነት አለ» አላት። የቱ ቀን ከየቱ? እሱን አይናገርም።

«ጥንድ ጥንዱን የሚያወዳድረውን፣ ፖስት ሆክ የሚለውን ሳጥን ስከፍተው ባዶ ነው» አለች። የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ ኤስፒኤስኤስ የተበላሸ መስሏት ሁለቴ አጥፍታ ጭናዋለች።

ቢሮ ዳታ ሲያገላብጥ የሚውለው ልጅ ሳቀ። «አቦ፣ ምንም አልሆነም! ያ ሳጥን ለተለያዩ ቡድኖች ነው። ያንቺ ያው ፍየል ነው። ኢኤም ሚንስ የሚለው ውስጥ ግቢና ቦንፌሮኒ የሚባለውን ማስተካከያ ምረጪ።»

«ቱኪ የሚባለው ፈተናስ? ከኔ በፊት የተመረቁት ቱኪ ነው የሠሩት።»

መምህሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። (ጸጉሩ ሸብቷል፤ ግን ድሬ ነንና አንቱታ የለም።) «ቱኪ ለሁሉም ጥንድ አንድ የጋራ የስህተት መለኪያ ነው የሚይዘው። በመጀመሪያው ቀንና በ90ኛው መካከል ያለው ጭማሪ ከፍየል ፍየል በጣም ሊለያይ ይችላል፣ በ60ና በ90 መካከል ያለው ደግሞ ብዙም ላይለያይ ይችላል። ያኔ ስፌሪሲቲ፣ ማለትም የየጥንዱ ልዩነት ከፍየል ፍየል እኩል ይዋዥቃል የሚለው ግምት፣ ፈረሰ። የጋራው መለኪያ ለአንዱ ጥንድ ይጠበዋል፣ ለሌላው ይሰፋዋል። ለየጥንዱ የራሱን ቲ ቴስት፣ ሁለት ልኬት ብቻ የሚያወዳድረውን፣ ሥሪ።»

«የስፌሪሲቲውን መፍረስ በግሪንሃውስ ጋይሰር አስተካክያለሁ እኮ።»

«እሱ ዋናውን አኖቫ ነው ያስተካከለልሽ። ጥንዶቹን አይነካም።»

እዚህ ድረስ ሁለቱ ወንዶች ተስማምተው ነበር። የተጣሉት ቦንፌሮኒ ላይ ነው። የቢሮው ልጅ አንዱን ሳምቡሳ በቢላ ስድስት ቦታ ቆራረጠው። «አራት ልኬት፣ ስድስት ጥንድ። ስድስቱንም በ0.05 የስህተት ገደብ ብትፈትሺ፣ ፈተናዎቹ አንዱ ከሌላው ነፃ ቢሆኑ፣ ቢያንስ አንዴ በሐሰት የመደሰት ዕድልሽ 26 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ 0.05 ለስድስት ይካፈላል። 0.0083።»

መምህሩ ቁራጩን አነሳ፤ ሥጋ የሚባል ነገር የለበትም። «ይኸው፣ ለማንም አልደረሰም። የስታቲስቲክስ ሰው ሆልም እኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዘዴው ገላገለን። ፒ ቫልዩዎቹን (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት የመታየት ዕድል) ከትንሿ ጀምረሽ ትደረድሪያለሽ፤ ገደቡን 0.05ን ለትንሿ ለስድስት፣ ለቀጣዩዋ ለአምስት፣ ከዚያ ለአራት እያካፈልሽ ትሄጃለሽ፣ ያላለፈችው ላይ ትቆሚያለሽ። ጥበቃው ያው ነው፤ ቦንፌሮኒ ያሳለፈውን ሁሉ ያሳልፋል፣ አንዳንዴም ይጨምራል።»

«እኔ ጋ ባለው ሜኑ ላይ ሆልም የለም።»

«ስድስት ቁጥር ነው፣ በእጅህ ሥራው!»

መኪና ማቆሚያው ጋ ያሉት ባጃጆች ሳይቀሩ ዞረው እስኪያዩን ተጯጯሁ።

እኔ ለመምህሩ አደላለሁ። ግን ሁለቱም ልጅቷን ምን ማወቅ እንደፈለገች አልጠየቋትም። ፕሮፖዛሏን አስከፈትኳት። «ክብደት መጨመሩ የሚገታው በየትኛው ወር ነው» ይላል። እንግዲህ የምትፈልገው ተከታታዮቹን ሦስት ጥንዶች ብቻ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የተቀለበ ፍየል ከመነሻው መክበዱን ማን ይከራከራታል? ሦስቱን በሆልም ትፈትሽ፣ ከ0.0167 ትጀምር። ይህን መብት የሰጣት ግን ጥያቄው ከሚዛኑ በፊት መጻፉ ነው። ስድስቱን አይታ ደስ ያሏትን ሦስት ብትመርጥ ኖሮ ስድስቱም ይቆጠሩባት ነበር።

ደግሞም የመጨረሻው ጥንድ ባያልፍ «ጭማሪው ቆሟል» ብላ እንዳትጽፍ ነገርኳት። ልዩነት አልተገኘም ማለት ልዩነት የለም ማለት አይደለም። የጭማሪውን ኪሎ ከነኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ጭማሪ ሊገኝበት ከሚችለው ክልል ጋር) ታስቀምጥ፤ ገበሬው ከመኖው ዋጋ ጋር የሚያስተያየው እሱን ነው።

«ለመሆኑ ከ60 እስከ 90 ስንት ኪሎ ጨመሩ?» አልኳት።

ላፕቶፑን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችው። ፒ ቫልዩ በየገጹ ሞልቷል። ኪሎው የትም አልነበረም።