ምስጋናዋ ለፈጣሪ ነው፣ ጥያቄዋ ለእናንተ

ባለፈው ሳምንት ቡና እየተፈላ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። እንግዳ የነበረው ሐኪም ስለ ውፍረት ሲያወራ ቆይቶ አንዲት ሴት ደወለች፣ ብዙ ኪሎ እንደቀነሰች፣ የተንጠለጠለ ቆዳዋን በኦፕሬሽን እንዳስወገደች፣ ውጤቱ ግን እንዳሳዘናት ነገረችው። የመለሰላት ሦስት ነገር ነው። ስፖርት ብትሰሪ ቆዳው በራሱ ይሰበሰብ ነበር፣ የሚታይሽ ጉድለት ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው፣ በሕይወት መኖርሽን አይተሽ ተመስገን በይ። አጠገቤ የተቀመጠችው፣ እሷም ያንኑ ኦፕሬሽን የተደረገችው ታላቅ እህቴ ሲኒዋን አስቀምጣ ጓዳ ገባች፣ ሦስተኛውን ሳትጠጣ። ይሄን የምጽፈው ለዛ ነው።

ከስፖርቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ከሐኪም አፍ መውጣት ያልነበረበት እሱ ነው። ለዓመታት የተለጠጠ ቆዳ ውስጥ ያሉት ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉት ክሮች ይጎዳሉ፣ ይሳሳሉ፣ ሰውየው ሲከሳ ስቡ ይሄዳል እንጂ ክሮቹ እንደነበሩ አይሆኑም። ጅማ ያደገ ሰው የቡና ጆንያ ሲገለበጥ አይቷል፣ ቡናው ስለወጣ ጆንያው አብሮ አያንስም። ስፖርት የሚያሳድገው ጡንቻ ነው፣ ጡንቻው ደግሞ ከቆዳው ስር ነው ያለው፣ ሺህ ጊዜ ቁጭ ብድግ ብትሉ ከላይ የተረፈውን ቆዳ አያሳጥረውም። እህቴ እኮ ስፖርት ሳትሰራ ቀርታ አይደለም! ስኳር አለብሽ ከተባለች በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በየማለዳው የጅሬንን ዳገት እየወጣች ነው ከ124 ኪሎ ወደ 69 የወረደችው፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ስትጨርስ የተረፋት ከእምብርቷ በታች እስከ ጭኗ የሚወርድ ቆዳ ነበር። ኦፕሬሽን እስክትደረግ ድረስ ስትራመድ እንዳይመታት በመቀነት ጠፍራ ታስረው ነበር፣ ማታ ስትፈታው እጥፋቱ ስር ቀልቶ፣ ረጥቦ፣ ተልጦ ይገኝ ነበር፣ በጥጥ አድርቄ ቅባት ስቀባላት ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ታይ ነበር። ይሄን ቁንጅና ፍለጋ ነው የሚለኝ ሰው ካለ አንድ ማታ መጥቶ በቀባላት ነበር።

ጭንቅላቷ ውስጥ ነው ላለው ብዙ አልደክምም። ሰው የሌለበትን ጉድለት እያየ የሚሰቃይበት ሕመም አለ፣ አውቃለሁ፣ ግን እሱ በሬዲዮ ስልክ በሁለት ደቂቃ ሳያዩ የሚለጠፍ አይደለም። እህቴ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ መስታወት ፊት ቆማ ለክታዋለች፣ እኔ ነኝ ጫፉን የያዝኩላት። ጠባሳው በግራ በኩል ከቀኙ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ቀኝ ዳሌዋ ላይ ስፌቱ ሲያልቅ የተረፈ ቆዳ እንደ ጆሮ ወጥቶ ቀርቷል፣ እምብርቷ ከመሀል ሸሽቷል። ሜትር ጭንቅላት የለውም።

ያንገበገበኝ ግን ሦስተኛው ነው፣ ተመስገን በይ የሚለው።

ከኦፕሬሽኑ በፊት እኮ ተመስገን በይ ያላት ሰው አልነበረም! ያኔ ብር ሊከፈል ነበር። ያኔ (ክሊኒኩን አልጠራም) ስልክ ላይ ቢፎር አፍተር እየተባለ የሚያሳዩዋት የበፊትና የኋላ ፎቶ ሁሉ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ጠባሳው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነበር፣ ሌላ ሰው ነው የምትሆኚው ተባለች። ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ቆዳ ተቆርጦ ተወጥሮ እንኳ በወራት ውስጥ መልሶ ትንሽ እንደሚላላ የነገራት የለም። ጠባሳው ከዳሌ እስከ ዳሌ እንደሚሄድ፣ እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ኬሎይድ የሚባለው እያበጠ የሚሄድ ጠባሳ እንደሚበዛ የነገራት የለም። ከቆዳው ስር ውሃ ሊጠራቀም እንደሚችል፣ ከእምብርት በታች ደንዝዞ ሊቀር እንደሚችል፣ ኪሎዋ ቢያንስ ስድስት ወር አንድ ቦታ ላይ መርጋት እንዳለበት፣ ማንም። ኪሎዋ ከቆመ ገና ሁለት ወሩ ነበር፣ እሺ ቸኩላለች እንበል፣ ቆዪ ማለት የነበረበት ማነው ታዲያ፣ እሷ ናት ወይስ ቢላዋውን የያዘው? የምትፈርምበት ወረቀት የቀረበላት በዕለቱ ጠዋት የኦፕሬሽን ጋውን ለብሳ አልጋ ላይ ሆና ነው፣ ሙሉው በእንግሊዝኛ። የአገሩ የጤና ሕግ ታካሚ ስለሚደረግለት ነገር ተረድቶ ይፍቀድ ይላል፣ ይሄ ነው መረዳት? የእቁብ ብሯንና የወርቅ ሐብሏን ተቀብሎ የማታነበው ወረቀት ላይ ማስፈረም?

በስድስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር በመኪና መጣች፣ ከሆዷ የሚወጣው ቱቦ ጫፉ ላይ ያለችውን ጠርሙስ በጥቁር ፌስታል ሸፍና ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ቱቦው ከወጣ በኋላ ውሃ ያዘ፣ እዚሁ ጅማ ያለ ሐኪም ሦስት ጊዜ በመርፌ ቀዳው፣ ያ ሰው አንድ ክፉ ቃል ሳይናገር ያልሰራውን ሥራ ሲያስተካክል አይቻለሁ፣ አላህ ይስጠው። ክሊኒኩ ጋ ስትደውል መጀመሪያ እብጠት ነው ጠብቂ አሏት። ይሄ እንኳ እውነት ነው፣ እብጠት ለወራት ይቆያል፣ ጠባሳ እስኪበስል ዓመትም ዓመት ከመንፈቅም ይፈጃል፣ ቶሎ መፍረድ አይገባም። እና ጠበቀች። በ14ኛው ወር ስትደውል ያው ሌላ ሰው ነው የምትሆኚው ያላት ሰው ራሱ፣ 124 ኪሎ የነበርሽውን አስቢና ተመስገን በይ አላት። ሬዲዮው ላይ ድጋሚ የሰማችው ይሄንን ነው።

እህቴ አልሐምዱሊላህ ሳትል የዋለችበት ቀን የለም። ስኳሯ ወርዷል፣ መድኃኒቷ ተቀንሷል፣ ሱጁድ ወርዳ ሰው ሳይደግፋት ትነሳለች፣ ለዚህ ማንን እንደምታመሰግን ታውቃለች። 55ቱን ኪሎ ያወረደችው እሷ ናት በአላህ እርዳታ፣ ክሊኒኩ የተከፈለው ቆዳውን ቆርጦ በልኩ ሊሰፋ ነው፣ ታዲያ በምን ሒሳብ ነው የእሷን ልፋት የራሱ ሥራ መሸፈኛ የሚያደርገው? ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ነው፣ አናጺ ቁም ሳጥን ሰርቶላችሁ በሩ ቢጣመም ድሮ ልብሳችሁ መሬት ላይ እንደነበር አስቡና ተመስገን በሉ አይላችሁም፣ መላጊያውን ይዞ ቤት ድረስ ይመጣል። ጣውላ የሚከበረውን ያህል እንዴት የሰው ገላ አይከበርም? ምስጋናን የቅሬታ ማፈኛ ያደረገ ሰው ምስጋናውንም ነው ያረከሰው። ሰው ደስ ብሎትም ሊያዝን ይችላል፣ መዳኗም እውነት ነው፣ ጠማማው ስፌትም እውነት ነው።

ሰፈሩም አላገዘም። ስትከሳ ምነው ታመምሽ እንዴ፣ ምን ነካሽ ያላት ሁሉ፣ ኦፕሬሽኑን ሲሰማ ደግሞ የፈጠረሽን ምን አስነካሽ አላት። ባለፈው የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ሴቶቹ አንድ ክፍል ውስጥ ሲለብሱ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው ቀሚስ የቀየረችው፣ ድሮ በ124 ኪሎዋ እንደዛ አታደርግም ነበር።

ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ የተሰራላችሁ ምን እንደሆነ የሚገልጸውን የኦፕሬሽን ሪፖርት በጽሑፍ ጠይቁ፣ የእናንተ ነው፣ በየወሩ እዛው ቦታ እዛው ብርሃን ላይ ፎቶ አንሱ። ኬሎይድ ከሆነ ደግሞ ቆርጬ ልጣልልሽ ለሚል አትቸኩሉ፣ ብቻውን ሲቆረጥ ብሶ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው፣ በመርፌ የሚሰጥ ስቴሮይድና ሲሊኮን ፕላስተር አለ። ዳሌ ላይ የቀረው ጆሮ ግን ብዙ ጊዜ በትንሽ ኦፕሬሽን የሚስተካከል ነው፣ ይሄን ያወቅነው እንኳ ከሌላ ሐኪም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሰራችሁ ሰው ፊት ብቻ አትቁሙ፣ ሌላ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት ይያችሁ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ድረስ መሄድ ቢያስፈልግም። ሬዲዮ ላይ የወጣው ሐኪም ለዛች ሴት ከዚህ አንዱን ቢነግራት ምን ይጎዳው ነበር?

የፊታችን ማክሰኞ በሌሊቱ አውቶብስ ከእህቴ ጋር አዲስ አበባ እንሄዳለን፣ ቀጠሮ አላት። ሪፖርቱን ከሁለት ወር ንትርክ በኋላ ሰጥተዋታል፣ 14ቱን ፎቶ አሳጥባ ከሱ ጋር በአንድ ፋይል አስራዋለች። ሜትሩን እኔ ነኝ የያዝኩት።