የኤምአርአይ ወረቀት ብቻውን ለወገብ ኦፕራሲዮን አያበቃም

አዲስ አበባ ውስጥ ወገቡን የሚያመው ሰው የሌለበት ቤት ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ ቅባትና ማስታገሻ ይሞከራል። ቀጥሎ ወጌሻ። በመጨረሻ ገንዘብ ተጠራቅሞ ኤምአርአይ ይነሳል። ውጤቱ ላይ «የዲስክ መንሸራተት» የሚል ሲነበብ ቤቱ ይደነግጣል። አንዱ «ቶሎ ሕንድ ሂድና ተቀደድ» ይላል። ሌላው «ወገብህ ከተነካ ሽባ ትሆናለህ» ብሎ ይምላል።

ሁለቱም የሚያዩት ወረቀቱን ነው። እኔ ታማሚውን እንይ እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት የጀርባ ሕመም የሌለባቸውን 98 ሰዎች በኤምአርአይ አንስቶ ነበር። 52 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ዲስካቸው አበጥ ብሎ ታየ። እነዚህ ሰዎች ምንም አያማቸውም!

ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ነው። ሾልኮ ነርቭ ሲጫን ሕመሙ ከመቀመጫ ተነስቶ በእግር ይወርዳል። ደግነቱ የሾለከው ክፍል ብዙ ጊዜ ራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ኦፕራሲዮን ይሻለዋል። በፊዚዮቴራፒና በማስታገሻ እየታገዙ፣ እየተንቀሳቀሱ መጠበቅ ራሱ ሕክምና ነው። አልጋ ላይ ተኝቶ መክረም ግን አይጠቅምም።

የእግሩ ሕመም አልለቅ ካለ፣ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ነርቩን የተጫነውን ቁራጭ ማውጣት ይቻላል። ይህን ኦፕራሲዮን መፍራት አያስፈልግም፤ የእግር ሕመምን ቶሎ ያስታግሳል። ትንሽ ሲራመዱ እግራቸው እየዛለ፣ ቁጭ ሲሉ ቀለል ለሚላቸው አረጋውያን ደግሞ የጠበበውን የነርቭ መተላለፊያ ማስፋት አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ አጥንቶቹን በብሎንና በዘንግ የማሰሩ ነገር ነው። የአከርካሪ አጥንቱ ለተሰበረ ወይም ዲስኩ ሳይሆን አጥንቱ ራሱ ከቦታው ለተንሸራተተ ሰው መዳኛ ሊሆን ይችላል። ወገቡን ብቻ ለሚያመው ሰው ግን ውጤቱ እርግጠኛ አይደለም። አንዴ የታሰረ አጥንት እንደ ድሮው አይተጣጠፍም፤ ጫናውም ወደ ጎረቤቱ ዲስክ ይሄዳል። ስለዚህ «ዶክተር፣ የኔ ለምን ይታሰራል? ባይታሰርስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የሚያጠግብ መልስ ካልተገኘ ሌላ ሐኪም ማማከር ነው።

በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢም አለ። ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ መታሸት ይቅር። ይህ በዋናነት በመድኃኒት የሚታከም በሽታ ነው፤ ቶሎ መመርመር ነው የሚያሻው።

ሽንት አልመጣም ካለ፣ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ በጭንና በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች ከከዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ሰዓት እንጂ ሳምንት አይደለም። ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ። ጎረቤት ቀስቅሳችሁም ሆነ ታክሲ ጠርታችሁ ታማሚውን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።