እውነተኛ ዕቃ ለምን ይከለከላል?

የብሪታንያው ቴስኮ የሊቫይስ ጂንስ ሱሪዎችን ከአውሮፓ ውጭ ካስመጡ ነጋዴዎች ገዝቶ በሱቆቹ በቅናሽ ሲሸጥ፣ ሱሪዎቹ ሐሰተኛ ናቸው ያለ አልነበረም። ምልክቱ የሊቫይስ፣ ሱሪውም የሊቫይስ ነበር። ሆኖም የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 የንግድ ምልክቱ ባለቤት ዝምታ ዕቃው አውሮፓ ውስጥ እንዲሸጥ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም ሲል ወሰነ።

መሠረቱ የተጣለው በ1998 ነው። ሲሉዌት የተባለው የኦስትሪያ መነጽር አምራች ፋሽናቸው ያለፈ 21 ሺሕ ፍሬሞችን ለአንድ የቡልጋሪያ ድርጅት ሸጠ፤ በቡልጋሪያና በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች ብቻ እንዲሸጡም አሳሰበ። ፍሬሞቹ ግን በርካሽ በመሸጥ በሚታወቀው ሃርትላወር እጅ ገብተው ኦስትሪያ ውስጥ ለገበያ ቀረቡ። ፍርድ ቤቱም ባለቤቱ የዕቃውን ዳግም ሽያጭ የመከልከል መብቱ የሚያበቃው፣ ዕቃው የአውሮፓ ኅብረትንና ሦስት ተጨማሪ አገሮችን ባቀፈው የአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውስጥ በራሱ ወይም በፈቃዱ ሲሸጥ ብቻ ነው አለ። ኦስትሪያ ቀድሞ የነበራት፣ ዕቃው በየትኛውም የዓለም ክፍል ከተሸጠ የባለቤቱ መብት ያበቃል የሚለው ሰፋ ያለ ሕግም በዚሁ ቀረ።

ይህ አቋም ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። የንግድ ምልክት የሚጠበቀው ገዢው ዕቃው ከማን እንደመጣ እንዲያውቅና እንዳይታለል ነው። ከስፔን ገዝቶ ጀርመን የሚሸጠውን ነጋዴ ማንም አይከለክለውም፤ ያንኑ ዕቃ ከዱባይ ያመጣው ግን ይከሰሳል። በሁለቱም ጊዜ ገዢው የሚያገኘው እውነተኛውን ዕቃ ነው። ታዲያ የተጠበቀው ገዢው ሳይሆን የዋጋ ልዩነቱ ነው።

ባለቤቶቹ ስለ ጥራት ይከራከራሉ። የዕቃው ይዞታ ከተለወጠ ወይም ከተበላሸ ሽያጩን የመቃወም መብት ግን ሕጉ አስቀድሞ ሰጥቷቸዋል።

አንድ ክርክር ግን ችላ የሚባል አይደለም፦ መድኃኒት። አምራቾች ለድሃ አገሮች በቅናሽ የሚሸጡት መድኃኒት ተመልሶ ሀብታም አገር የሚገባ ከሆነ ቅናሹ ይቀራል፤ የሚጎዳውም በሽተኛው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ ሲል በ2003 ራሱን የቻለ ደንብ አወጣ። ኢትዮጵያን ጨምሮ ለድሃ አገሮች በቅናሽ የቀረቡ የኤችአይቪ፣ የወባና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ወደ ኅብረቱ እንዳይመለሱ ከለከለ። ምክንያቱ በግልጽ ተነግሮ፣ ወሰኑም ተለክቶ የወጣ ክልከላ ነው። ለሱሪና ለመነጽር እንዲህ ያለ ምክንያት ያቀረበ የለም።

የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት የባለቤቱ መብት የት እንደሚያበቃ የመወሰኑን ጉዳይ ለየአገሩ ትቶታል። ስለዚህ ኅብረቱ ከፈለገ የንግድ ምልክት መመሪያውን አሻሽሎ፣ ባለቤቱ በየትኛውም የዓለም ክፍል በፈቃዱ የሸጠው ዕቃ በነፃነት እንዲገባ መፍቀድ ይችላል። ማድረግም ይገባዋል።