«65001 አድርገው» ባዮች፣ ኧረ በናታችሁ!

ዊንዶውስ ላይ በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም «ስም ያስገቡ» ይላል። «ሰላም» ተብሎ ይጻፍለታል፤ እሱ «???» ይመልሳል። እርዳታ ሲጠየቅ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ሲኤችሲፒ 65001 በል፣ ያልቃል።» ኮንሶሉን፣ ማለትም የትእዛዝ መስኮቱን፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ እንዲሠራ አድርገው ማለታቸው ነው።

አያልቅም! ያ ትእዛዝ የሚያቃናው በዋናነት የሚወጣውን ጽሑፍ ነው። በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ 65001 አድርጋችሁ በኤፍጌትኤስ (አንድ መስመር በሚያነበው የሲ ተግባር) ስታነቡ ፊደሉ ዜሮ ባይት ሆኖ ይመጣል። ዜሮ ደግሞ ለሲ «ጽሑፉ እዚህ አለቀ» ማለት ነው። ስሙ ባዶ ይሆናል፣ የስህተት መልእክት የለም፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል።

መጀመሪያ ምልክቱን ለዩ እንጂ! ሳጥን ሳጥን ከታየ ፊደሉ በሕይወት አለ፣ የጎደለው ፎንት ነው፤ ኮንሶላስ የግዕዝ ፊደል የለውም። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ በ437 ኮድ ገጽ (ግዕዝ በሌለበት የቆየ የፊደል ሰንጠረዥ) ሲያልፍ ሞቷል። ከዚያ ወዲያ ፎንት መቀያየር ወንዝ አያሻግርም።

የሚሠራው ሪድኮንሶልደብሊው የተባለው፣ ከኮንሶል የሚያነብ የዊንዶውስ ተግባር ነው። ጽሑፉን በዩቲኤፍ-16 (በሌላ የፊደል ኮድ) ስለሚሰጥ አንድ ፊደላችን አንድ ደብሊውቻር (የሲ ሰፊ የፊደል ዓይነት) ይሆናል፤ ከጫፉ የሚለጠፉትን የመስመር መጨረሻ ምልክቶች፣ 13 እና 10ን፣ መቁረጥ ብቻ ነው። ደስ አይልም? አይልም፤ ምክንያቱም ግብዓቱ ከኪቦርድ ሳይሆን ከፋይል ሲመጣ ይኸው ጥሪ ይከሽፋል። ስለዚህ አስቀድሞ በጌትኮንሶልሞድ መፈተሽ፣ ኮንሶል ካልሆነ በሪድፋይል ባይቱን አንብቦ ከዩቲኤፍ-8 መፍታት ግድ ነው። ለአንዲት ስም ሁለት መንገድ!

የሊኑክስ ሰዎች፣ አትሳቁ። ጂሊብሲ (የሊኑክስ የሲ ቤተ መጻሕፍት) ላይ የቋንቋ ቅንብሩን የሚያነሳውን ሴትሎኬልን በባዶ ጽሑፍ ሳትጠሩ፣ ፊደል በፊደል የሚያነበውን ኤፍጌትደብሊውሲን ብትጠሩ «ሰ»ን በትክክል አያነባትም። ደብሊውቻርም እዚያ 4 ባይት ነው፣ ዊንዶውስ ላይ 2፤ ስለዚህ በአንዱ ላይ በጥሬው የተቀመጠ ፋይል ሌላው ላይ አይነበብም።

የባፈሩ (የተነበበው ጽሑፍ የሚቀመጥበት ቦታ) ነገርማ! «ሰ» በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ናት፦ 225፣ 136፣ 176። «ተስፋዬ» 12 ባይት ነው። 12 ባይት ባፈር ይበቃዋል ብላችሁ ከሆነ፣ ኤፍጌትኤስ የመጨረሻዋን ለዜሮ ይዞ 11 ብቻ ያነባል፤ «ዬ» እግሯ ተቆርጦ ትገባለች። ቢያንስ የፊደሉን ብዛት በ3 አባዙና 2 ጨምሩ፣ አንዱ ለአዲስ መስመር፣ አንዱ ለዜሮ።

ባክስፔስስ? የሊኑክስ ተርሚናል ላይ «ኤስቲቲዋይ አይዩቲኤፍ8» (ግብዓቱ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ለተርሚናሉ የሚነግረው ቅንብር) ካልበራ አንዴ ስትመቱት የሚጠፋው አንድ ባይት ነው። ስክሪኑ ላይ ፊደሉ ድራሹ ጠፍቷል፤ ሁለቱ ባይት ግን ተሸሽገው ከስሙ ጋር ዳታቤዝ ይገባሉ።