እርዱ ወደ ደም ሳይሆን ወደ አንጀት ይድረስ

አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ያለበት ሰው ከቤት ሲወጣ አስቀድሞ የሚያስበው መፀዳጃ ቤት የት እንደሚያገኝ ነው። ትልቁ አንጀቱ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል። መድኃኒቱም የዓመታት ነው። እንዲህ ያለ ሰው «ናኖ ኩርኩሚን፣ ከተራው እርድ ብዙ እጥፍ ወደ ደም የሚገባ» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ ልቡ ቢሳብ አይፈረድበትም። («ናኖ» የሚባለው በዓይን በማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተዘጋጀው ነው።) እኔን ያሳሰበኝ ማስታወቂያው የሚኩራራበት ነገር ነው። ቁስሉ ያለው እኮ አንጀት ላይ ነው። ደም ውስጥ መግባቱ ለምን ተፈለገ?

ኩርኩሚን እርድን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው። ብግነትን፣ ማለትም የሰውነት መቆጣትን፣ እንደሚቀንስ በላብራቶሪ በተደጋጋሚ ታይቷል። ግን ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ወደ ደም የሚያልፈውም ኢምንት ነው፤ ያለፈውንም ጉበት ቶሎ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከቁንዶ በርበሬ በወጣ 20 ሚሊግራም ፓይፐሪን ሲሰጡ፣ ደም ውስጥ የተገኘው መጠን ወደ 20 እጥፍ ገደማ ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ሁሉ የሚፎካከረው በዚህ ቁጥር ነው። ለጉልበት ሕመም ቢሆን ያስኬድ ይሆናል።

ለአንጀት ግን ሌላ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጃፓን ጥናት በሽታው ጋብ ያለላቸውን 89 ሕመምተኞች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ አንድ አንድ ግራም ኩርኩሚን ወሰዱ። ናኖ አልነበረም፣ ተራው ነው። በስድስት ወር ውስጥ ኩርኩሚን ከወሰዱትና ውጤታቸው ከተቆጠረው 43 ሰዎች በሽታው ያገረሸባቸው 2 ብቻ ነበሩ። የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱትና ከተቆጠሩት 39 ሰዎች ግን 8ቱ ላይ አገረሸ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ግን ወደ ደም የማያልፈው ኩርኩሚን እዚያው አንጀት ውስጥ ሥራ እንዳለው ይጠቁማል። (አልጫ ላይ በምንጨምረው እርድ ይህን መጠን አናገኝም። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን 3 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በቀን ከ60 ግራም በላይ ዱቄት መብላት ይጠይቃል።)

ታዲያ ናኖ ለምን ያስፈልጋል? ተራው ዱቄት ሳይሟሟ፣ ቁስሉን በደንብ ሳይነካ ሊያልፍ ስለሚችል ነው። ጥቃቅኑ ቅንጣት የጨጓራ አሲድ የማይፈታው ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑ የሚሟሟው አሲዱ ሲቀንስ፣ ወደ ትልቁ አንጀት ሲቃረብ ነው። የተቆጣው የአንጀት ግድግዳ ክፍተት ስለሚፈጠርበት ቅንጣቶቹ እዚያ ይከማቻሉ። በአትላንታ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የእርድ ዘመድ ከሆነው ከዝንጅብል ራሱ 230 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ ቅንጣቶችን አውጥተው አይጦችን አጠጡ። የአይጦቹ አንጀት ብግነት ቀነሰ። ገንዘብና ትኩረት ይገባዋል የምለው እንዲህ ያለው ሥራ ነው፤ በብዙ ሰዎች ላይም መሞከር አለበት።

ወደ ደም በብዛት ማስገባት ጉዳት የለውም ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እርድ ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን ዘግቧል፤ አንዱ ሞቷል። ከተመረመሩት ምርቶች ሦስቱ ፓይፐሪን ነበረባቸው። ስለዚህ «ናኖ» ብሎ ለአንጀት የሚሸጥ ሁሉ ቅንጣቱ የት እንደሚደርስ በሰው ላይ የተደረገ ማስረጃ እንዲያቀርብ ተቆጣጣሪዎች ያስገድዱት። ሕመምተኛውም ሐኪሙን ሳያማክር አይግዛ፣ የታዘዘለትን መድኃኒትም አያቁም። በጃፓኑ ጥናት ኩርኩሚን የወሰዱት ሁሉ መደበኛ መድኃኒታቸውን አላቋረጡም ነበር።