ጡረተኞች ነን እንጂ ካርጎ አይደለንም!

አሁንስ በዛ! የሚኒሶታን ብርድ ሸሽተን አዲስ አበባ ከርመን፣ ቤታችን የገባነው ገና ትናንት ማታ ነው። ደጃፉ ላይ የከረመውን በረዶ እንኳ አልጠረግንም። ስልክ ጮኸ። «እንኳን በሰላም ገባችሁ» ሊሉን መስሎኝ! «እትዬ፣ ሽሮዬን መቼ መጥቼ ልውሰድ?»

ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሁለት ሻንጣ ነው፤ አንዱ 23 ኪሎ። ከዚያ ሁሉ የእኛ ምኑ ነበር? የባለቤቴ ሹራብና አንድ ጋቢ። ሌላው የሰው በርበሬ፣ የሰው ቆሎ፣ የሰው ድርቆሽ። «ትንሽ ዕቃ ናት» ይሉናል። ትንሿ ዕቃ በሁለት ጎረምሳ ነው የምትነሳው!

ጉምሩክ ላይስ የሚጠየቀው ማነው? እኛው! «ይህ ቀይ ዱቄት ምንድን ነው?» ሲባል ባለቤቴን በ70 ዓመቱ እንደ ወንጀለኛ ላብ አጠመቀው። የማን እንደሆነም አናውቅ። የአንዷ አክስት ጎረቤት አምጥታ በር ላይ ጥላው የሄደችው ነው። (እምቢ እንዳትይ ደግሞ፣ «አሜሪካ አኮራቻቸው» ይባላል።)

አዋዜው ፈሶ የበዓል ቀሚሴን አጠፋው። ይቅርታ የጠየቀኝ አለ? ጭራሽ «እትዬ፣ አዋዜው ጎደለሳ!» ተባልኩ። አዎ ጎድሏል! ነይና ከቀሚሴ ጨምቀሽ ውሰጂ!